ሰይድ በሌለበት የመታው ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማህሌት ፔዳሎቿን በጉዞ ቦርሳ ይዛ አያት ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ማህሌት የእህቴ ልጅ ጓደኛ ናት፤ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ጊታር ትጫወታለች። ስምንቱንም ሳሎን ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው። ለማያውቅ ሰው ልንገርና፣ ፔዳል ማለት የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል፣ በእግር የምትረገጥ የብረት ሳጥን ናት። በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መሀል ትሰካና ድምፁን ትቀይረዋለች። አንዷ ታስተጋባለች፣ አንዷ ታሻክራለች፣ አንዷ ታርገበግባለች። ጊታሪስት ደግሞ አንድ በሽታ አለበት፤ አንዷን ሲገዛ ሌላዋ ታምረዋለች።

ማህሌት ግን ነቅታለች። ከእሷ በፊት የሚጫወተው ባንድ ወርዶ እሷ እስክትጀምር ያላት ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ስምንት ፔዳል ስትሰካካ እንግዳው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ እንደሚያያት ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ሦስት ብቻ ነው የምይዘው። የትኞቹን ልተው?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ጉልበቴ እየተንቋቋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ይቺን ለአንድ ዘፈን ብቻ ነው የምትረግጫት፣ ተያት። እነዚህ ሁለቱ ሥራቸው አንድ ነው፣ አንዷን አስቀሪ። እንዲህ እያልን መጨረሻ ላይ ወዳለችው ደረስን። እሷ የመታሽውን ቀድታ ደጋግማ የምታጫውት ፔዳል ናት። ማህሌት እየሳቀች፣ ይቺማ አትነካም፣ እሷ ካለች ሁለተኛ ጊታሪስት አልፈልግም አለችኝ።

ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። እኔ ግን ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁና ኩሽና ገብቼ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እኔ በማህሌት ዕድሜ ዘጠኝ ፔዳል ነበረኝ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው መሰለኝ። ገርጂ አንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ በጣውላ አስለክቼ፣ ዘጠኙን በመደዳ ቸንክሬ፣ ከላይ እጀታ አስበጅቼለት ነበር። ሚኒባስ ስገባ ረዳቱ «ወንድም፣ በር ነቅለህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ይለኛል፤ ታክሲው ሙሉ ይስቃል። ደሜ ይፈላል። ግን ኩራቴም እሱ ነበር። መድረክ ላይ አጎንብሼ ስሰካካ ሰው የአውሮፕላን አብራሪ ነው የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ምን ያላደረገኝ ነገር አለ በዚያ ዕድሜ!

የሠርግ ባንድ ነበርን። አለቃችን ጋሽ ተካ ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ ድራመር፣ ቤዝ ጊታሪስትና አንዲት ዘፋኝ አሉን። ሁለት ጊታሪስቶች ደግሞ እኔና ሰይድ። እኔ ሊድ ነኝ፤ ከዘፈኑ ላይ ብድግ ብዬ የምታየው፣ የሚጨበጨብልኝ። ሰይድ ሪትም ነው፤ ዘፈኑ ከተጀመረ እስኪያልቅ ከሥር ሆኖ ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው። ማንም አያጨበጭብለትም፤ ካቆመ ግን ሰው ሁሉ መጨፈር ያቅተዋል፣ ለምን እንደሆነም አያውቅም።

ሰይድ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ገርጂ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፤ ሲስቅ በእጁ አፉን የሚሸፍን። እኔ ደግሞ የትግራይ ቤተሰብ ልጅ፣ ወሬኛና ቁጡ። እንዴት እንደተግባባን እግዜር ይወቀው። ልምምድ ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ ቤት ሄደን ተጋቢኖ እናዛለን። ሥጋ አብረን ስለማንበላ እኔና ሰይድ አንድ ላይ ስንሆን ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ነበርን። ሽሮው በሸክላው ላይ እየተንተከተከ ይመጣል፤ እሱ ቃሪያውን ሁሉ ለኔ ይገፋልኛል፤ እኔ በቃጠሎው እያለቀስኩ ስለ ጊታር አወራለሁ። እሱ ይሰማል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሚሰማኝ ሰው አላገኘሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን እሱም ይናደድ ነበር። ጋሽ ተካ ድሮ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፉ ሁለት ሰዎች ነበሯቸው። ኪቦርዱ የሳክስፎን ድምፅ ማውጣት ሲጀምር ሁለቱም ተሰናበቱ። ሰይድና እኔ ይህን ባነሳን ቁጥር አንጀታችን ያርር ነበር። ሰው እንዴት ጓደኛውን በቁልፍ ይለውጣል እንል ነበር። እኔ ነበርኩ ይህን የምለው፤ እኔ።

ታዲያ በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ አንድ ሠርግ ሙሽሪት ስትገባ የኔ ጊታር ድምፅ አልባ ሆነ። ከዘጠኙ ፔዳል በአንዷ ውስጥ ባትሪ ሞቷል፤ ወይ አንዷ ኬብል ተበጥሳለች፤ የቷ እንደሆነች ማን ይወቅ! በእንብርክክ እየዳህኩ ስነቅል ስሰካ፣ ሰይድ የራሱን ሳይተው የኔንም ቦታ ሸፍኖ አወጣን። የእሱ ዕቃ ጊታርና አንድ ኬብል ነበር፤ አለቀ። ጋሽ ተካ ቆጡኝ። በሚቀጥለው ይህን በር ይዤ ከመጣሁ ከመኪና እንደሚያስወርዱኝ ነገሩኝ። ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነበሩ።

ማቅለል ጀመርኩ። ጣውላውን ፈታሁ፣ ስድስቱን ሸጥኩ። የአጎቴ ልጅ ሆስተስ ነበረች፤ ያኔ የሙዚቃ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ቦሌ ሆስተስ ዘመድ ያስፈልገው ነበር። ከአንዱ በረራ ስትመለስ ያቺን የምትቀዳ ፔዳል በካልሲ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። ትረግጣታለህ፣ ትመታለህ፣ መልሰህ ትረግጣታለህ፤ የመታኸውን እስክታስቆማት ድረስ ታጫውታለች። ደግሞ አትረሳም፤ አጥፍተህ ከወር በኋላ ብታበራት እንኳ ይዛ ትጠብቅሃለች።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ ሠርግ የለም፣ ሥራ የለም። በአንድ ፀሐያማ ከሰዓት ሰይድ ቤት ሄድኩ። ክፍሉ ከሱቃቸው ጀርባ ነበረች፤ አዲስ አቡጀዲ ትሸታለች። ቤት ስለማመድ ከሥሬ ሆኖ የሚመታልኝ ሰው ስለሌለ፣ ሠርግ ላይ ሁሌ የምንጫወታቸውን የስድስት ዘፈኖች ሪትም ፔዳሏ ላይ ምታልኝ አልኩት። ራሴ ሞክሬ ነበር። የኔ እጅ ይቸኩላል፤ ሁሌም ወደ ሊዱ ለመድረስ ይቸኩላል። የሰይድ እጅ ግን የትም አይሄድም።

ልማልላችሁ፣ በዚያን ቀን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ወይስ ነበረኝ? ይህን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ! ለልምምድ ብቻ ከሆነ ድራመራችን በሚሄድበት ፍጥነት ምታው ብዬ ለምን አጥብቄ ለመንኩት? እሱ ግን አልጠረጠረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስድስቱንም መታልኝ፤ አንዱን ስላልወደደው ሦስት ጊዜ ደገመው። ጆሮ ማዳመጫው እኔ ጋ ነበር። ስማው እስቲ ብዬ ብሰጠው እጁን አወናጨፈ፤ የራሱን መስማት እንደሚያሳፍረው ነገረኝ። በካሴትም በምንም ተቀድቶ አያውቅም ነበር። ሲጨርስ እናቱ ከሱቅ ገብተው ቴምርና ውኃ ሰጡን።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ተከታትሎ መጣ። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ቦሌ አንድ አዳራሽ የእሑድ ምሳ ሠርግ ነበረን። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ያወርደዋል። ያኔ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ነበር፤ ከገርጂ ቦሌ ለመድረስ ጭቃ መሻገር፣ ታክሲ መጋፋት፣ ወርዶ በእግር መሄድ ነው። እኔ ከዕቃው ጋር በመኪና መጥቻለሁ። ሰይድ የለም። ስልኩ ላይ እንደውላለን፣ አይነሳም። አሳላፊዎቹ የዶሮውን ወጥ ክዳን እየከፈቱ ነው፤ ቤቱ በቅመም ሽታ ታፍኗል። ከዚያ የሙሽሮቹ መኪና በር ላይ መድረሱን ሰማን። ጋሽ ተካ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ምን ይሻላል እያሉ ወደኔ ዞሩ።

«አይዞዎት፣ ሰይድ እዚህ አለ» አልኳቸው፤ በእግሬ ወደ ፔዳሏ እያመለከትኩ።

ያልኩት ይህንን ነው። ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ድራመራችን እንዲሰማው አንዱን ድምፅ ማጉያ ወደሱ አዞርን። ረገጥኳት። የሰይድ እጅ መጣ። ልክ እዚያ ጥግ የቆመ ይመስል፣ ረጋ ብሎ፣ ዘፈኑን ተሸክሞ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሰው ተነሳ። እኔ ከላይ ሊዴን እመታለሁ። ጋሽ ተካ መጀመሪያ ፔዳሏን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ሰይድ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ገብቶኛል። ኪቦርዱ ሳክስፎን ማውጣት የጀመረ ቀንም እንዲሁ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ ሰይድን አየሁት። በሩ ጋ ቆሟል። ጊታሩን በፌስታል ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል፤ ራሱ ግን እስከ ካልሲው ርሷል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ወደ መድረክ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። እግሬን አንስቼ ፔዳሏን ማጥፋት እችል ነበር። አንድ እርግጫ ነው። ዘፈኑ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ እሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ይቀጥላል፣ ሙሽሮቹም አያስተውሉም። አላጠፋሁም። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ሦስተኛውን አስነሳሁ።

ምሳ ሲበላ መጣ። ይቅርታ ጋሼ፣ ከመገናኛ ጀምሮ በእግሬ ነው የመጣሁት አላቸው። ጋሽ ተካ ክፉ ሰው አልነበሩም። ትከሻውን ይዘው ቀስ ብለው ነገሩት፦ ከዛሬ ወዲያ በአንድ ጊታር እንደሚሠሩ፣ መድረኩም መኪናውም እንደሚቀል፣ እሱ ሌላ ባንድ እንደማያጣ። ይህን ሲሉ እኔ በአንድ ክንድ ርቀት ቆሜ ኬብል እጠቀልላለሁ።

ሰይድ ወደኔ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ጠበቀኝ ብል ይሻላል። እኔ ያኔ «ያለ ሰይድ አልሠራም» ብል ጋሽ ተካ ይተውት ነበር፤ ይህን እንደማውቅ እሱም ያውቃል። ሊድ ጊታሪስት በሠርግ ወራት ከየት ያገኛሉ? ሦስት ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን የተጠቀለለውን ኬብል ፈትቼ እንደገና መጠቅለል ጀመርኩ።

«ችግር የለውም ጋሽ ተካ» አለ ሰይድ። ከዚያ ጊታሩን ጥግ አስቀመጠና፣ ሠርጉ ሲያልቅ እንደ ወትሮው ዕቃውን መኪና ላይ አብሮን ጫነ። ትልቁን ድምፅ ማጉያ በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል እሱ ይዘን ደረጃውን ወረድን። «ቀስ፣ እግርህን» አለኝ አንድ ቦታ ላይ።

ሳምንት ሙሉ እደውልለታለሁ እያልኩ አልደወልኩም። አይኔን በጨው አጥቤ ምን ልበለው? በሚቀጥለው ሠርግ ፔዳሏን ስረግጣት የእሱ እጅ መጣ። ቤት ገብቼ ስድስቱንም አንድ በአንድ አጠፋኋቸውና በራሴ እጅ ቀዳሁባቸው። እንዲያውም ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። የሰውን እጅ አልሰርቅም አልኩ፤ ንስሐ የገባሁ ሁሉ መሰለኝ። ባንዱ በሚቀጥለው ዓመት ፈረሰ። ሰይድ ሌላ ባንድ አልገባም። ጊታሩን ለአክስቱ ልጅ እንደሰጠ ሰማሁ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋብኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አካባቢ ከውጭ የተላከልኝን ዕቃ ላወጣ ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሄድኩ። ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሽበታም ሰውዬ ከኋላ መጥቶ አቀፈኝ። ሰይድ ነው። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። ወረቀቴን ራሱ ይዞ አስጨረሰልኝ፤ ከዚያ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ወሰደኝ። አግብቷል፤ ሀያት የምትባል አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ አለችው። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጉሮሮዬን ስጠራርግ፣ ያንን ቀን ራሱ አነሳው።

«በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ ሌላ ሰው ያመጣችሁ ነበር የመሰለኝ» አለ። «ማነው ይሄ ልጅ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚመታው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው እኔ መሆኔን ያወቅኩት። እንደዚያ እንደምመታ አላውቅም ነበር እኮ፣ ክብሮም።»

አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

«ሀያት ጊታር ግዛልኝ ብላ ይዛኛለች» ብሎ ቀጠለ። «እኔም እመታ ነበር ስላት አታምነኝም። እጄ ደግሞ ረስቶታል፣ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ያ አንተ ጋ አለ አይደል? ያቺ ፔዳል ላይ ያለው? አንዷን እንኳ ላሰማት።»

«አለ» አልኩት። «ቤት ውስጥ ፈልጌ እልክልሃለሁ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። በዓለም ላይ የሰይድ እጅ ተቀድቶ የነበረው እዚያች የሳሙና ማስቀመጫ በምታህል ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር፤ ያንን ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያውም ጨዋ ሰው ነኝ እያልኩ። ከሥራው ማስወጣቴ አልበቃኝም። አንድ ጊዜ የእሱን አመታት አስመስዬ መትቼ ልልክለትም ተቀምጬ ነበር። ሀያት ምን ታውቃለች አልኩ። ቀድቼ ስሰማው ግን እኔ ነኝ፤ እየቸኮልኩ። ሀያት ባታውቅ እንኳ እሱ ያውቃል።

ሻዩን ይዤ ስወጣ ማህሌት ሦስቱን መርጣ ሌሎቹን ቦርሳ ውስጥ ከትታለች። የምትቀዳዋ ፔዳል ከሦስቱ መሀል ናት። ውስጧ ያለው የማን እጅ ነው ብዬ ጠየቅኳት። የራሴ ነዋ፣ የማን ይሆናል ብላ ግራ ተጋብታ አየችኝ። እንግዲያው ያዣት አልኳት። ሻያችንን ጠጣን፤ ሦስቱ ሁለት ደቂቃም እንደማይፈጁባት በሰዓት ለክታ አሳየችኝ፤ አመስግናኝ ሄደች።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ማቅለል አውቅበታለሁ። ምን ቢወጣ ዘፈኑ እንደማይወድቅ በአንድ ጊዜ እለያለሁ። ያኔ ግን ምን እንደማወጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አውቄ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሰይድን የመሰለ ጓደኛ ከዚያ ወዲህ አልነበረኝም፤ አሁን ደግሞ የመጨረሻ ነገሩንም ይዤ የምጠብቅለት እየመሰለው ይወደኛል።

ማህሌት እንደወጣች ደወልኩለት። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ወዲያው አነሳው። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ታክሲ ሰልፉ አወራን። ሀያት ቁመቷ እሱን ልትደርስ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ አሁንም ስለ ጊታር ትነዘንዘዋለች። «ሰይዶ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ብዬ ጀመርኩ።

እሱ ቀደመኝ። «ስለ እሱ ከሆነ አትጨነቅ» አለኝ። «ስታገኘው ትልክልኛለህ። አንተ ጋ እስካለ ምን ቸገረኝ።»

«እሺ» አልኩት።